የተጠራቀመው ገንዘብ የማን ነው?
በአሜሪካ የሕይወት ኢንሹራንስ ውስጥ የመልስ ገንዘብ የተገኘበት ታሪክ፥ ከ1844 እስከ 1911

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ጠባብ ይመስላል። አንድ ሰው በየዓመቱ ወይም በየሳምንቱ የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ፥ በማጣትም ሆነ በሌላ ምክንያት መክፈሉን ቢያቋርጥ፥ እስከዚያ ቀን ከከፈለው ውስጥ ገና አገልግሎት ያላገኘበት ትርፍ ገንዘብ የማን ነው? ለከፋዩ ይመለሳልን? ወይስ «ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህና ምንም አይገባህም» ተብሎ በተቀባዩ እጅ ይቀራል? ይህ ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ፥ ይልቁንም ማሳቹሴትስ በምትባለው ግዛት፥ ከአርባ ዓመት የበለጠ ክርክር አስነሥቷል። የዓመቶቹ ቍጥር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የኤኮኖሚና የሕግ ተማሪዎች ይህን ነገር የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ካለቀለት በኋላ ነው። መጽሐፉ «ደንበኛው ውሉን ቢመልስ ይህን ያህል ይከፈለዋል» ይላል፤ ተማሪውም ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ስንከታተለው ሁለት ነገር አግኝተናል። አንደኛው፥ ይህ መብት ከኩባንያዎች ቸርነት የተገኘ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ለኛ ይበልጥ የሚደንቀው፥ ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ በሒሳብ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ሊጠይቀው ያልቻለ መሆኑ ነው።

ነገሩ በቀላሉ እንዲገባን በአገራችን ከታወቁት ሁለት ማኅበሮች እንነሣ። በዕቁብ፥ ዕጣ ያልደረሰው ሰው የጣለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋል፤ የጣለባቸውን ሳምንታት በሚጥለው ብር ማባዛት ብቻ ነው። ዕጣው ሳይወጣለት ከዕቁቡ ቢወጣ ዳኛው ገንዘቡን በዚያው ቀን ባይሰጠውም «ገንዘብህ አይደለም» የሚለው ሰው የለም። ዕድር ግን ሌላ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ የወር መዋጮውን ሲከፍል ኖሮ ሰፈር የለወጠ ሰው «የከፈልሁት ይመለስልኝ» ቢል ይሣቅበታል። በነዚያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ሐዘን ደርሶበት ቢሆን ኖሮ ድንኳኑም ቀባሪውም ይቀርብለት ነበርና የገንዘቡን ዋጋ አግኝቷል። እንግዲህ የሕይወት ኢንሹራንስ በውስጡ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። ከክፍያው አንዱ ክፍል ዕድር ነው፤ ሌላው ክፍል ዕቁብ ነው። ሁለቱ ግን በአንድ ደረሰኝ ተጠቃለው ስለሚከፈሉ የቱ ስንት እንደ ሆነ ከፋዩ አያውቅም ነበር፤ ጭቅጭቁም የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለቱ እንዴት ሊቀላቀሉ እንደ ቻሉ ለማወቅ ወደ ሎንዶን መሄድ ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጄምስ ዶድሰን የተባለ የሒሳብ መምህር በ1706 በተቋቋመው አሚከብል በተባለው ማኅበር ውስጥ ለመግባት ጠይቆ በዕድሜው ምክንያት አልተቀበሉትም። እርሱም «ሰው በዕድሜው መጠን ቢከፍል የማይቀበሉት ለምንድን ነው?» በማለት ሒሳቡን ሠራ። በዶድሰን ሐሳብ መሠረት ደንበኛው ውሉን ሲገባ በነበረው ዕድሜ የተወሰነ፥ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሞቱ የማይለወጥ ክፍያ በየዓመቱ ይከፍላል። ዶድሰን በ1757 ሲሞት ሐሳቡ ገና ወረቀት ላይ ነበር፤ ኤክዊተብል የተባለው ማኅበር በዚሁ ሐሳብ ሥራውን የጀመረው በ1762 ነው።

የማይለወጥ ክፍያ ማለት ምን እንደ ሆነ በቍጥር እናሳይ፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥናቸው ናቸው እንጂ ከማንም ኩባንያ መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ የ30 ዓመት ሰው ሲሞት ለቤተ ሰቡ 1,000 ዶላር እንዲከፈል ተዋዋለ እንበል። በ30 ዓመቱ የዚያ ዓመት የሞት አደጋ ዋጋ 8 ዶላር ቢሆን፥ በ60 ዓመቱ 35 ዶላር ይሆናል። ኩባንያው ግን በየዓመቱ 20 ዶላር ብቻ ያስከፍለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከ20 ዶላር ውስጥ 8ቱ የዚያ ዓመት ዋጋ ሲሆን 12ቱ ለሽምግልናው ቀድሞ የከፈለው ነው። ይህ ትርፍ ወለድ እየጨመረ ይጠራቀማል፤ የመጠባበቂያ ገንዘብ የሚባለውም እርሱ ነው። ሰውየው ሲያረጅ ክፍያው ከአደጋው ዋጋ በታች ይሆናል፤ ጕድለቱ የሚሞላው ከተጠራቀመው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው 50 ዓመት ሲሞላው ክፍያውን ቢያቋርጥ፥ ለ20 ዓመት ያለፈውን አደጋ ከፍሎ ጨርሷል፤ ያልመጣውን ዘመን አደጋ ደግሞ በከፊል አስቀድሞ ከፍሏል። ያ ያልመጣው ዘመን በውሉ ውስጥ ከቶ አይመጣም። ታዲያ ገንዘቡስ?

በ1840ዎቹ ዓመታት የነበረው የተለመደ መልስ «ተወርሶ ይቀራል» የሚል ነበር። በውሉ ላይ የመክፈያው ቀን ይጻፋል፤ ቀኑ ሲያልፍ ውሉ ይፈርሳል፤ ቀድሞ የተከፈለው ሁሉ የኩባንያው ይሆናል። አንዳንድ ኩባንያዎች ውሉን ከደንበኛው መልሰው ይገዙ ነበር፤ ዋጋውን የሚቈርጡት ግን ራሳቸው ነበሩ፤ ደንበኛውም የተባለውን ከመቀበል በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የኩባንያዎቹን ክርክር ሳንሰማ ልንፈርድባቸው አይገባም፤ ክርክራቸውም እንዲሁ የሚጣል አልነበረም። መጀመሪያ፥ ውል ውል ነው፤ ደንበኛው ቀኑን ዐውቆ ፈርሟል ይላሉ። ሁለተኛ፥ ከማኅበሩ የሚወጡት ጤነኞቹ ናቸው፤ በሽተኛ ሰው ልብሱን ሸጦም ቢሆን ክፍያውን አያቋርጥም። ስለዚህ ጤነኞቹ ገንዘባቸውን ይዘው ቢወጡ ለሚቀሩት በሽተኞች የሚከፈለው ከወዴት ይመጣል? ሦስተኛ፥ ደንበኛውን ፈልጎ ላመጣው ወኪል፥ ለመረመረው ሐኪም፥ ለጽሕፈት ቤቱ የወጣ ወጪ አለ። አራተኛ፥ ገንዘቡ በሚፈለግበት ጊዜ ሁሉ የሚከፈል ከሆነ ክፉ ዘመን ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን በር ላይ ይቆማል። ከነዚህ ከአራቱ ሁለተኛውና አራተኛው ብርቱዎች መሆናቸውን እናምናለን። ነገር ግን የሚያስረዱት ከተጠራቀመው ላይ ጥቂት መቀነስ እንደሚገባ ነው እንጂ ጠቅላላው እንዲወረስ አይደለም። በዚያ ዘመን ይህን ልዩነት በግልጽ ያየ ሰው ጥቂት ነበር።

ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ኤሊዙር ራይት ነው። ራይት በ1804 በኮኔቲከት ተወልዶ በኦሃዮ አደገ፤ በ1826 ከዬል ተመረቀ፤ ከ1829 እስከ 1833 በዌስተርን ሪዘርቭ ኮሌጅ የሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ነበር። በዚያ ሳለ ባርነት ይቅር የሚለው ማኅበር ደጋፊ ሆነ፤ በ1833 የአሜሪካ የፀረ ባርነት ማኅበር ሲቋቋም ማስተማሩን ትቶ ወደ ኒውዮርክ በመሄድ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ። በኋላም በቦስተን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። በ1851 ከባርነት አምልጦ የተያዘ አንድ ሰው በቦስተን ከፍርድ ቤት በሕዝብ ተነጥቆ ባመለጠ ጊዜ፥ ራይት በተባባሪነት ተከሶ ነጻ ተለቋል። የላ ፎንቴንንም ተረቶች ወደ እንግሊዝኛ ግጥም መልሶ በ1841 አሳትሟል። 18 ልጆች ወልዷልና ገንዘብ ተርፎት አያውቅም ማለት ይቻላል።

በ1844 ራይት ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያም የንግድ መናኸሪያ በሆነው በሮያል ኤክስቼንጅ የሕይወት ኢንሹራንስ ውሎች በሐራጅ ሲሸጡ አየ። ሻጮቹ ለብዙ ዓመታት ከፍለው አሁን መክፈል ያቃታቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ኩባንያው የሚሰጣቸው ዋጋ እጅግ ያነሰ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ስለሆነ ውላቸውን ለገበያ አወጡት። የሚገዛው ሰው የቀረውን ክፍያ ራሱ እየከፈለ ይቈያል፤ ሽማግሌው ሲሞት ገንዘቡን ይቀበላል። እንግዲህ የገዢው ትርፍ የሚበዛው ሽማግሌው ቶሎ ሲሞት ነው። ራይት ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፥ ይህን ሲያይ በአገሩ የነበረው የባሪያ ሐራጅ ትዝ አለው፤ ወደ አሜሪካም ሲመለስ ይህ እንዳይደረግ ለመከልከል ቈርጦ ተነሣ።

ስለ ራይት የሚጻፈው ሁሉ በዚህ ትረካ ላይ ይቆማል። የሚያምር ታሪክ ነው፤ እውነትነቱንም አንጠራጠርም። ነገር ግን ሁሉንም ነገር በዚህ ማስረዳት የሚበቃ አይመስለንም። በሎንዶን ያንን ሐራጅ ያየ ሰው ራይት ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴው ሁሉ በአጠገቡ እያለፈ ወደ ምሳው ይሄድ ነበር። ራይትን ከሌሎቹ የለየው ባርነትን መጥላቱ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መምህር መሆኑም ነው። ሽማግሌው የሚሸጠው ወረቀት ትክክለኛ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውም እስከ ሳንቲሙ ሊታወቅ እንደሚችል ዐወቀ። ማዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹን በምጽዋት ይረዳቸው ነበር፤ እርሱ ግን ገንዘቡ የራሳቸው መሆኑን በቍጥር ማስረዳት ፈለገ።

ስለዚህ ወደ ቦስተን ከተመለሰ በኋላ ዋናው ሥራው ሠንጠረዥ መሥራት ሆነ። በ1843 ከ17 የእንግሊዝ ኩባንያዎች ልምድ ተሰብስቦ የወጣውን የሞት ሠንጠረዥ መሠረት አድርጎ፥ ወለዱን በመቶ 4 አስቦ፥ በየትኛውም ዕድሜ የተገባ ውል በየትኛውም ዓመት ሊኖረው የሚገባውን መጠባበቂያ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ማባዛትና ማካፈል በእጅ መሥራት ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ የስታቲስቲክ ትምህርት የተከታተለ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ይህ ድካም ነው መሰለኝ ኋላ በ1869 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበትንና «አሪትሜተር» ብሎ የሰየመውን በርሜል መሰል ማስሊያ እንዲፈጥር ያስገደደው። ሠንጠረዡን አንዳንድ ኩባንያዎች ዋጋ ከፍለው ወሰዱት፤ ለራሳቸው ሒሳብ ይጠቅማቸው ነበርና። ያው ሠንጠረዥ አንድ ቀን በነሱ ላይ መስካሪ እንደሚሆን ግን አላሰቡትም።

ራይት በግዛቱ ምክር ቤት በር ላይ ለብዙ ዓመታት ደጅ ጠና። በመጨረሻ በ1858 ማሳቹሴትስ አዲስ ሕግ አወጣች፤ በዚህም ሕግ እያንዳንዱ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ውል በሠንጠረዡ መሠረት የሚገባውን መጠባበቂያ መያዝ ነበረበት። በዚያው ዓመት ራይት ራሱ ከአንድ ጓደኛው ጋር የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ይህ ሕግ ስለ መልስ ገንዘብ አንድም ቃል አይናገርም። የሚናገረው ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እንደሚችል ስለ ማረጋገጥ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ውል ድርሻ በመንግሥት መዝገብ ላይ በስም መሰፈር ከጀመረ ወዲያ፥ «ይህ የአቶ እገሌ ውል መጠባበቂያ ነው» የሚል ቍጥር ተገኘ። ከዚህ በኋላ «የተጠራቀመ ገንዘብ የለም፤ ቢኖርም አይታወቅም» ማለት አልተቻለም። በኛ አስተያየት ከ1861ዱ ሕግ ይልቅ የ1858ቱ ነገሩን ቈርጦታል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የ1861ዱን ማወደስ ይቀናቸዋል።

በ1861 የወጣው ሕግ ይዘት እንደሚከተለው ነው። በግዛቲቱ ፈቃድ የተቋቋመ ኩባንያ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ውል ክፍያ በማቋረጥ ብቻ አይወረስም። የውሉ መጠባበቂያ ይታሰባል፤ ደንበኛው ለኩባንያው ያለበት ዕዳ ይቀነሳል፤ ከቀረው ላይ አራት አምስተኛው እንደ አንድ ጊዜ ክፍያ ተቈጥሮ ሙሉው የውሉ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ እንዲጸና ይደረጋል። ለምሳሌ መጠባበቂያው 100 ዶላር፥ ዕዳው 20 ዶላር ቢሆን፥ 80 ይቀራል፤ የ80 አራት አምስተኛ 64 ነው። ይህ 64 ዶላር በደንበኛው ዕድሜ ስንት ዓመትና ስንት ቀን የሞት ዋስትና እንደሚገዛ ተሰልቶ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሞት ቤተ ሰቡ ውሉን ያላቋረጠ ያህል ይቀበላል፤ የሚቀነሰው ሳይከፈሉ የቀሩት ክፍያዎች ብቻ ናቸው። ስለ ዕዳ በሕጉ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ኩባንያዎች ከዓመቱ ክፍያ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፥ ከፊሉን በደንበኛው የዕዳ ወረቀት ይቀበሉ ነበር።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በዚህ ሕግ ደንበኛው በእጁ የሚይዘው አንድ ሳንቲም እንኳ የለም። የሚያገኘው ገንዘቡን ሳይሆን ገንዘቡ የሚገዛውን ዋስትና ነው። ይህ በሽምግልናው መብል ላጣ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ቢሞት ነው። ራይት ይህን አላጣውም፤ ከምክር ቤቱ ማግኘት የቻለውን ተቀበለ፤ የቀረውን ለሌላ ጊዜ አቆየው። አንድ አምስተኛው ለኩባንያው መቅረቱም ቢሆን ትክክለኛ ስሌት ያለው አይመስለንም፤ ከሁለቱ ወገን ድርድር የተገኘ ክፍልፋይ ነው። ሆኖም ሕጉ ከወጣ በኋላ የ«ተወርሶ ይቀራል» አባባል በማሳቹሴትስ ኩባንያዎች ዘንድ አበቃ። በኒውዮርክም አንድ ትልቅ ኩባንያ ሕግ ሳያስገድደው ከዚያ በፊት በ1860 ተመሳሳይ ውል ማቅረብ ጀምሮ ነበር፤ ገበያ የሚስብ መሆኑን ዐውቆ ይሆናል።

ራይት በኮሚሽነርነት የቈየው እስከ 1866 ነው። በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ኩባንያዎችን በስም እየጠራ ይወቅስ ስለ ነበር ወዳጅ አላበዛም፤ ሥልጣኑን ያጣውም የኩባንያዎች ተጽዕኖ ስለ በረታበት ነው። ይሁንና ከዚያ በኋላ ለኩባንያዎች የሒሳብ ዐዋቂ ሆኖ ዋጋ እየተቀበለ መሥራቱን መጥቀስ ይገባል፤ አንዳንድ ሰዎች እንደሚሥሉት ከንግዱ ዓለም ርቆ የኖረ ባሕታዊ አልነበረም።

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሻገር፤ ማሳቹሴትስ የዘጋችው በር በዚያ በሌላ በኩል ተከፍቷልና። በ1859 የተቋቋመው የኒውዮርኩ ኤክዊተብል (ከሎንዶኑ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም) መሥራች ሄንሪ ሃይድ በ1868 ቶንቲን የተባለ ውል አወጣ። የውሉ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ደንበኞቹ በየዓመቱ የሚገባቸውን የትርፍ ድርሻ ለ10፥ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ሳይነኩ ያቈያሉ። በመካከል የሞተ ሰው ቤተ ሰብ የውሉን ገንዘብ ብቻ ይቀበላል፤ የተጠራቀመ ትርፍ የለውም። በመካከል ክፍያ ያቋረጠ ሰው ምንም አይቀበልም። ዘመኑ ሲፈጸም በሕይወት የቈዩትና ሳያቋርጡ የከፈሉት የሁሉንም ይካፈላሉ። እንግዲህ ራይት ሊያጠፋው የታገለው ውርስ እንደ ጕድለት ሳይሆን እንደ መልካም ነገር ተደርጎ ለገበያ ቀረበ ማለት ነው። ደንበኛው «እኔ አላቋርጥም፤ የሚያቋርጡት ሌሎች ናቸው» ብሎ ያስባል። እያንዳንዱ እንዲህ እያሰበ ፈረመ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ከአገሪቱ የሕይወት ኢንሹራንስ አብዛኛው የዚህ ዐይነት ሆኖ ነበር።

«ሕግ አልነበረምን?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ነበረ። የኒውዮርክ ምክር ቤት በ1879 ሦስት የዓመት ክፍያ የተከፈለበት ውል እንዳይወረስ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ነገር ግን ሕጉ ደንበኛው መብቱን በፈቃዱ ሊተው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ መተዉም በውሉ ፊት ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም መጻፍ ወይም መታተም ነበረበት። እኛ ሕጉን ስንመረምር የቈየነው በዚህ ቀይ ቀለም ላይ ነው። ሕግ አውጪው ደንበኛውን ለማስጠንቀቅ ብሎ ያዘዘው ነገር ለኩባንያው መውጫ በር ሆነለት። በቀይ ያተመ ኩባንያ ሕጉን ፈጸመ፤ ደንበኛውም እንደ ድሮው ተወረሰ።

በማሳቹሴትስ ግን ነገሩ ወደ ፊት ሄደ። በ1880 የወጣው ሕግ ሁለት ሙሉ የዓመት ክፍያ የከፈለ ደንበኛ ውሉን መልሶ በጥሬ ገንዘብ የመቀበል መብት ሰጠው። የሚቀነሰውም መጠን በኩባንያው ፈቃድ የሚወሰን መሆኑ ቀርቶ በሕግ ተወሰነ። ከሮያል ኤክስቼንጁ ሐራጅ እስከዚህ ቀን 36 ዓመት አልፏል። ራይት ሕጉ ሲወጣ 76 ዓመቱ ነበር፤ በ1885 ሞተ። ይህም ሕግ ቢሆን እንደ 1861ዱ በግዛቲቱ ፈቃድ የተቋቋሙትን ኩባንያዎች ብቻ የሚይዝ ስለ ነበር፥ የኒውዮርክ ኩባንያ ወኪል በቦስተን መንገድ ላይ የቶንቲን ውሉን መሸጥ የሚከለክለው አልነበረም።

እስካሁን የተናገርነው በዓመት ስለሚከፍሉ፥ ይብዛም ይነስ ኑሮ ስላላቸው ሰዎች ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የሠራተኛው ነገር ነበር። በእንግሊዝ አገር ፕሩደንሻል የተባለው ኩባንያ ከ1854 ጀምሮ፥ በአሜሪካም ከ1875 በኋላ ሌሎች ኩባንያዎች፥ ለሠራተኛው ሕዝብ በሳምንት በጥቂት ሳንቲም የሚከፈል ኢንሹራንስ ይሸጡ ጀመር። ወኪሉ በየሳምንቱ ከበር በር እየዞረ ይሰበስባል። ለመቀበሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የሚደረግ ስለ ሆነ በዓላማው ዕድርን ይመስላል። ነገር ግን ዕድርተኛው የሚያውቀው ጎረቤቱ ሳይሆን ከሩቅ ያለ ኩባንያ ነው፤ ሥራ ባጣ ጊዜ የሚታገሠውም የለም። ጥቂት ሳምንታት ሳይከፍል ከቀረ ውሉ ይፈርሳል፤ አብዛኞቹም ውሎች የሚፈርሱት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፥ የመልስ ገንዘብ ሕግ ሊደርስላቸው ከሚችለው ጊዜ በፊት ነበር።

የቦስተኑ ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስ ይህን ነገር የመረመረው በ1905ና በ1906 ነው። በ1905 በኒውዮርክ በሴናተር አርምስትሮንግ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የመርማሪዎች ጉባኤ፥ በጠበቃው በቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ጠያቂነት፥ በ57 ስብሰባዎች የትልልቆቹን ኩባንያዎች ገመና አውጥቶ ነበር። በ1906 በወጣው የኒውዮርክ ሕግ የቶንቲን ውል ተከለከለ፤ ሂዩዝም በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። ብራንዳይስ ግን ትልቁ ጕዳት በቶንቲኑ ሳይሆን በሳምንቱ ሳንቲም ላይ መሆኑን ተናገረ። እርሱ እንዳሰላው እስከ 1905 መጨረሻ በነበሩት 15 ዓመታት የማሳቹሴትስ ሠራተኞች ለነዚህ ኩባንያዎች ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው፥ በሞትም ሆነ ውል በመመለስ የተቀበሉት 22 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ቀሪው ሁሉ ትርፍ ነበር ማለት አይቻልም። ለወደፊት መጠባበቂያ የተያዘ አለበት፤ ለሰብሳቢ ወኪሎች የወጣው ግን እጅግ ብዙ ነው።

የብራንዳይስ መፍትሔ ከራይት ይለያል። ራይት ኩባንያው ያልሰጠውን በሕግ እንዲሰጥ ማስገደድ ፈለገ፤ ብራንዳይስ ሰብሳቢውን ከመካከል አወጣው። በ1907 በማሳቹሴትስ በወጣው ሕግ የቁጠባ ባንኮች በበራቸው የሕይወት ኢንሹራንስ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ወኪል አይኖርም፤ ሰው ራሱ ወደ ባንኩ መጥቶ ይከፍላል። በ1908 በዊትማን ከተማ የነበረው ባንክ ሥራውን ጀመረ። በእንግሊዝ አገር ለሳምንት ከፋዮች በሕግ አንድ ነገር የተደረገላቸው ከዚህም ዘግይቶ በ1923 ነው፤ ያውም አምስት ዓመት ለከፈለ ሰው፥ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ክፍያ በማይጠየቅበት አነስተኛ ውል።

ከመጨረሳችን በፊት አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። አንድ አሜሪካዊ ሁለት የዓመት ክፍያ ከፍሎ ሦስተኛው ጊዜው አለፈበት፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ስለ ነበር ውሉን ለሐኪሙ በ100 ዶላር ሸጠ፤ የወደፊቱን ክፍያ ሐኪሙ ሊከፍል ተስማማ። ሰውየው ሲሞት ወራሾቹና ሐኪሙ በገንዘቡ ተካሰሱ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1911 ዳኛ ሆምስ በጻፈው ፍርድ ሐኪሙ ረታ። የፍርዱ ምክንያት፥ የሕይወት ኢንሹራንስ ውል እንደ ማንኛውም ንብረት ስለ ሆነ ባለቤቱ እንዳይሸጠው መከልከል በእጁ ያለውን ዋጋ መቀነስ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ራይት በ1844 ሎንዶን ላይ ያየውና የጠላው ሽያጭ በአሜሪካ ሕጋዊ ሆነ፤ ምክንያቱም ራሱ ራይት ሲያስተምረው የኖረው፥ የተከፈለበት ውል የከፋዩ ንብረት ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ ፍርድ ሲሰጥ ራይት ከሞተ 26 ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለት ክፍያ ብቻ የተከፈለበት ውል ቢመለስ የሚያስገኘው ገንዘብ ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን፥ በሽተኛው ለሐኪሙ መሸጡ ወደ ኩባንያው ከመሄድ ሳይሻለው አልቀረም።